የአውሮፕላን ወረቀትና የተግባር በረራ ፈተና፦ ከባህር ዳር ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ስገባ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና ሳልጠጣ አልመለስም። እዚያ ደግሞ አንድ ወጣት ወንበሩን ስቦ ሳይጠጋኝ አይቀርም። «ጋሼ፣ አብራሪ ነዎት አሉኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ። «ማሳረፍ ከባድ ነው ወይ?» ብሎ የሚጀምረው ሁሉ መጨረሻው ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፋቸው አልኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ አሜሪካ ሄደው ሊማሩ ያሰቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እዚያው ጀምረው ለግል አብራሪ ፈቃድ ፈተና የደረሱ። እኔም የተፈተንኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን የምወስደው ከአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ከኤፍኤኤ ደንብ ነው። አገር ቤት የሚማር የሚፈተነው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደንብ ነው። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የአይካኦ።

ፈተናው ማብረር አይደለም እንዴ? ስለ ወረቀት ለምን ይጠይቁኛል?

ማብረርማ ነው። ግን በዚያ ቀን የአውሮፕላኑ አዛዥ እናንተ ናችሁ። ፈታኙ አጠገባችሁ ይቀመጣል እንጂ አዛዥ አይደለም። አዛዥ የሆነ ሰው ደግሞ ሞተር ሳያስነሣ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ይህ አውሮፕላን ዛሬ መብረር ይፈቀድለታል ወይ? ይሄ በዓይን አይታይም። ቀለሙ ያበራል፤ ጎማው ደኅና ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲነካ ይነሣል። የመጨረሻው ምርመራ መቼ እንደተደረገ ግን ክንፉ ላይ አልተጻፈም። መዝገብ ውስጥ ነው ያለው።

እኔን ያስተማረኝ የራሴው ጉድ ነው። አንድ ቀን በጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቁርስ እንኳ በቅጡ ሳልበላ ፈተና ገባሁ። መዝገቦቹን ከዋዜማው ማታ ተቀብዬ በሚጣበቁ ቢጫ ወረቀቶች አስጊጬያቸዋለሁ። አስተማሪዬ ያሳየኝን ገጽ ሁሉ ምልክት አድርጌበታለሁ። ቀኖቹን ግን አላነበብኩም። ፈታኙ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የአደጋ ጊዜ አመልካች ራዲዮው መቼ ነው የታየው?» አሉኝ። ገጹን ገልጬ በኩራት አሳየኋቸው። «ዛሬስ ስንት ቀን ነው?» አሉ። 13 ወር ሆኖታል። የሚፈቀደው 12 ነው።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነፋስ የለም። እኔ ግን መሬት ቀረሁ። ፈተናው በይፋ ስላልተጀመረ «ወደቀ» ተብሎ አልተጻፈብኝም። ትምህርት ቤቱን አልጠቅስም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አልነበረም። አዛዥ ነኝ ብዬ የቀረብኩት እኔ ነኛ።

አውሮፕላኑ ውስጥ የግድ መኖር ያለባቸው ወረቀቶች የትኞቹ ናቸው?

የበረራ ብቁነት ሰርተፍኬት፣ የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ የአውሮፕላኑ የበረራ ማኑዋል ከነገደቦቹ፣ እና የክብደትና ሚዛን ሰነድ። ድንበር የሚሻገር ከሆነ የራዲዮ ፈቃድ ይጨመራል። አሜሪካኖቹ በቃል ለመያዝ ከመጀመሪያ ፊደሎቻቸው «አሮው» የምትል ቃል ሠርተዋል፤ ቀስት ማለት ነው። ነገሩ ግን የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 29 ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ምን ይዞ መገኘት እንዳለበት ይዘረዝራል። ምዝገባ፣ ብቁነት፣ የአብራሪዎቹ ፈቃድ፣ የጉዞ መዝገብ፣ የራዲዮ ፈቃድ እያለ ይቀጥላል።

ብዙ ተማሪ ወረቀቱ መኖሩን አይቶ ያልፋል። ፈታኝ የሚፈልገው ማንበባችሁን ነው። የብቁነት ሰርተፍኬቱ የሚገባ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ መሆን አለበት፤ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ከተሸጎጠ አይሆንም። የአሜሪካው መደበኛ ሰርተፍኬት አውሮፕላኑ በደንቡ እስከተጠገነና እስከተመረመረ ድረስ ቀን አያልፍበትም። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ይታደሳል። ምዝገባው ደግሞ ያልፍበታል፤ በአሁኑ የአሜሪካ ደንብ 7 ዓመት ነው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር አውሮፕላኑ አካል ላይ ከተመታው ብረት ጋር አመሳክሩ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ምዝገባ «ኢ» እና «ቲ» በሚሉት የላቲን ፊደሎች ይጀምራል፤ ማረፊያው አጥር ስር ቆሞ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሎግቡክ የሚባለው የኔ ነው የአውሮፕላኑ?

ሁለቱም። የእናንተው የበረራችሁትን ሰዓትና የአስተማሪያችሁን ፊርማዎች የያዘው ነው። የአውሮፕላኑ ደግሞ የሕክምና ካርድ በሉት። የአካሉ፣ የሞተሩና የፕሮፔለሩ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ነው። አንዱ ጋራዥ ቀርቶ ሁለቱን ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። እንዲሁ ተመለሰ።

የትኞቹን ምርመራዎች ነው መዝገቡ ውስጥ የምፈልገው?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

መጀመሪያ ዓመታዊው ምርመራ ነው። በየ12 ወሩ ይደረጋል፤ የሚፈርመውም ለዚያ የተለየ ሥልጣን ያለው መካኒክ ነው። ቀጥሎ የ100 ሰዓት ምርመራ አለ። ይሄ ትምህርት ቤቱ በክፍያ አውሮፕላኑን ከነአስተማሪው ሲያቀርብ ግዴታ ነው። 100 ሰዓቱ ቢያልፍ እስከ 10 ሰዓት መጨመር ይቻላል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ምርመራው ወደሚደረግበት ቦታ ለመብረር ብቻ። የተበላው ሰዓትም ከሚቀጥለው 100 ላይ ይቀነሳል። በእሷ በ10 ሰዓት ፈተና ልፈተን የሚል ካለ፣ ፈታኙ ፈገግ ብሎ መዝገቡን ይዘጋበታል።

ቆጣሪውን አትሳሳቱ። ኮክፒት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆጣሪ ይኖራል። አንዱ ሆብስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍሉት በእሱ ነው። ሌላው የሞተሩን ዙር በሚለካው ታኮሜትር ላይ ያለው ነው፤ መካኒኮች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት እሱን ነው። ሁለቱ እኩል አይሄዱም። መዝገቡ በየትኛው እንደተጻፈ ሳታዩ ቁጥር አትቀንሱ።

ትራንስፖንደሩ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ በየ24 ወሩ ይፈተሻል። የአደጋ ጊዜ አመልካች ራዲዮው በየ12 ወሩ፤ ይችን መቼም አልረሳትም። ባትሪው ደግሞ ዕድሜው ሲጋመስ ወይም በድምሩ ከ1 ሰዓት በላይ ከሠራ ይቀየራል። የከፍታ መለኪያው የ24 ወር ፍተሻ በመሣሪያ ብቻ ለሚደረግ በረራ እንጂ በዓይን እያዩ ለሚበሩት በረራ አይጠየቅም። ፈታኞች ይችን ማጥመጃ ይወዷታል። «ይሄ አልፎበታል፣ እንበራለን ወይስ አንበርም?» ይሏችኋል። የምትፈተኑት በዓይን በሚበረረው ከሆነ በእሷ ምክንያት አትቀሩም።

በመጨረሻ የብቁነት መመሪያዎች አሉ፤ በሥራው ሰው አፍ «ኤዲ» ይባላሉ። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ላይ አደገኛ ጉድለት ሲገኝ መንግሥት «ይህን ሳታዩ አትብረሩ» ብሎ የሚያወጣው ትእዛዝ ነው። አንዳንዱ አንዴ ተሠርቶ ያበቃል። አንዳንዱ ይደጋገማል። ሴስና 172 ላይ የታወቀው የወንበር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ሲበላ ወንበሩ አይቆለፍም። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲንደረደር ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አብራሪው ደግሞ የጨበጠውን መሪ ይዞ ይሄዳል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል። ቀሪውን ገምቱት። ስለዚህ ሐዲዱ በየጊዜው ይለካል፤ መዝገቡም ላይ ይጻፋል። የኤዲ ዝርዝር ስታዩ ቁጥሮቹን ለመሸምደድ አትድከሙ። ከጀርባው ምን እንደተሰበረ ጠይቁ፤ ያኔ አይረሳም።

የኛ ቀን አቆጣጠር ያደናግረኛል። ምን ላድርግ?

እንኳን አነሣችሁት። ይሄ የኛው ብቻ ችግር ነው፤ የትም መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

የአሜሪካው ዓመታዊ ምርመራ የሚያበቃው በ12ኛው ወር የመጨረሻ ቀን ነው። ወሩ ግን የፈረንጅ ወር ነው። ምሳሌ ልስጥ። ምርመራው መጋቢት 1 ቀን 2017 ተደረገ እንበል። በፈረንጁ ማርች 10 ቀን 2025 ነው። የሚያበቃው ማርች 31 ቀን 2026 ነው። በኛ ሲሆን መጋቢት 22 ቀን 2018። አንድ ልጅ ግን በልቡ «መጋቢት ወር እስኪያልቅ» ብሎ ከያዘው እስከ መጋቢት 30 ይበራል። 8 ቀን ሙሉ ሕገወጥ በረራ! ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። ለበረራ ጉዳይ የኛን ካላንደር ግድግዳው ላይ ተዉት። ለጾሙና ለበዓሉ ይበቃል።

የሰዓቱም እንደዚያው። የአየር ሁኔታ ዘገባና የበረራ ዕቅድ የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት። ኢትዮጵያ ከዙሉ 3 ሰዓት ትቀድማለች። በሐበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ሰዓት ነው፤ በዙሉ ግን 6 ሰዓት። ለቀን ሰዓት አቋራጯ ይቺ ናት፦ በሐበሻ ሰዓታችሁ ላይ 3 ጨምሩ፣ ዙሉን ታገኛላችሁ። ይቺ አቋራጭ አገር ቤት ብቻ ነው የምትሠራው፤ አሜሪካ ይዛችኋት ብትሄዱ ጉድ ትሠራችኋለች።

በፓስፖርቴና በሕክምና ወረቀቴ ላይ ስሜ በተለያየ አጻጻፍ ነው። ችግር አለው?

አለው። ፈታኙ መታወቂያችሁንና ማመልከቻችሁን ጎን ለጎን ያያል። እኛ ዘንድ «ኃይለ ማርያም» አንዱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሌላው ላይ ተጋጥሞ ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ቢሮ በየራሱ ጆሮ ነው የሚጽፈው። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ ይኖራል፤ ሌላው ላይ የለም። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጉና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም እንደሱ አስጽፉ። ፈተና ሲደርስ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ያኔ ያላችሁ ጊዜ ለዚያ የሚባክን አይደለም።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥቅምት 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጁ የ2006 ልጅ ነው። ለግል አብራሪ ፈቃድ 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ይሄ አይካኦም ኤፍኤኤም ጋ አንድ ነው።

የራሴ ወረቀቶችስ?

ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ የተማሪ አብራሪ ሰርተፍኬት፣ የሕክምና ሰርተፍኬት፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤት፣ የተፈረመ ማመልከቻና ሎግቡክ። የጽሑፍ ፈተናው ማለፊያ 70 ከመቶ ነው፤ ውጤቱም 24 ወር ያገለግላል። የአስተማሪው የመጨረሻ ፊርማ ከፈተናው በፊት ባሉት 2 ወራት ውስጥ የተሰጠ ይሁን። ያላወቃችሁትን ጥያቄ በጽሑፍ ፈተናው ከሳታችሁ፣ ውጤቱ ላይ የርዕሱ ኮድ ይወጣል፤ ፈታኙም መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። አጥኑትና ግቡ።

አንድ ነገር ተበላሽቶ ቢገኝ፣ ለምሳሌ የማረፊያ መብራቱ፣ በቃ ቀረሁ ማለት ነው?

አይደለም። ግን «ኧረ ቀን ነው፣ መብራት ምን ያደርጋል» ብላችሁም አትለፉት። የቀበሌ 14 ባጃጅ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ አውሮፕላኖች መንገዱ ይህ ነው። አውሮፕላኑ ሲፈቀድ የግድ ከተባሉት ዕቃዎች ውስጥ አለ? በአምራቹ የዕቃ ዝርዝር ግዴታ ነው? ዛሬ ለምንበረው ዓይነት በረራ ደንቡ ይጠይቀዋል? ኤዲ አለበት? አራቱም «የለም» ከሆነ ዕቃው ይነቀላል ወይም ሥራው ይቋረጣል፤ «አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ያለሱ መብረር አደጋ እንደማይሆንም ታረጋግጣላችሁ። የማረፊያ መብራት ለቀን በረራ በዚህ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። የነዳጅ ጌጁ ካልሠራ ግን መቅረት ነው።

ፈታኙ ይሄን ጥያቄ የሚያነሣው እንዴት እንደምታስቡ ለማየት ነው። ማኑዋሉን ገልጦ ገጹን የሚያሳይ ተማሪ፣ በቃሉ ከሚያነበንበው ይሻላል። መጽሐፍ መግለጥ ይፈቀዳል፤ የት እንዳለ አለማወቅ ነው የሚያስጥለው።

እናት ነኝ። ልጄ የሚማርበት አውሮፕላን ከእሱ በዕድሜ እንደሚበልጥ ነገረኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ፣ ይህን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሴስና 172 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ከ1970ዎቹ የቀሩት ተማሪ ያስተምራሉ። የጣናን ታንኳ ያውቃሉ። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣና ሲከብድ ባለቤቱ ይጥለውና ሌላ ያስራል። አውሮፕላን እንደዚያ አይደለም። ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታደሰው። ብዙዎቹ ሞተሮች 2,000 ሰዓት ገደማ ሲሠሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትተው እንዲታደሱ አምራቹ ይመክራል። ጎማው፣ ገመዱ፣ መስተዋቱ ሁሉ ይቀየራል፤ ማን መቼ እንደቀየረውም ይፈረማል። ስለዚህ ስለ ዕድሜው አይጨነቁ። ልጅዎን «መዝገቡን አይተኸዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። አላየሁም ካለ ይቆጡት።

ክብደትና ሚዛን ላይ ለምን እንደዚህ ይጨቀጭቁናል? አራት ወንበር አለው፣ አራት ሰው ይጭናል።

አይጭንም። አስሉት።

አንድ ሴስና 172 ኤስ እንውሰድ። ሲነሣ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት 1,157 ኪሎ ነው። ባዶው 770 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 387 ይቀራል። 200 ሊትር ነዳጅ ሙሉ ብትቀዱ 144 ኪሎ ገደማ ነው። 243 ቀረ። 75 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች 225 ናቸው። የተረፈችው 18 ኪሎ ናት፤ ለአንድ ሻንጣና ለዘመድ ለተላከች የዘጌ ቡና። አራተኛው ሰው በባጃጅ ይምጣ።

ባዶ ክብደቱን እኔ «እንበል» አልኩ። እናንተ «እንበል» አትሉም። የእያንዳንዱ አውሮፕላን የተለየ ነው፤ ራዲዮ በተቀየረ ቁጥር ይለወጣል፤ የቅርቡ ሰነድ የትኛው እንደሆነ በቀኑ ትለዩታላችሁ። እንግዲህ ስሌቱም ዞሮ ዞሮ ወረቀት ላይ አረፈ።

ለባህር ዳር ልጅ ሌላ ነገር ልጨምር። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 6,000 ጫማ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሆነ እንበል። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ብትጨምሩ፣ አየሩ የ9,000 ጫማ ያህል ስስ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። መንደርደሪያው 3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መነሣቱስ ትነሣላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን አውሮፕላኑ እንደ ሽማግሌ ነው ዳገት የሚወጣው። ፍሎሪዳ ላይ በባሕር ወለል የተማረ ልጅ ይሄን በወረቀት እንጂ በአካሉ አያውቀውም። «ተወልጄ ያደግሁት በ6,000 ጫማ ላይ ነው» ብላችሁ ፈታኙን ብታስደንቁት አልጠላም፤ ስሌቱን ግን ጨምሩበት።

ፈታኙ የጉዞ ዕቅድ ሲጠይቀኝ እንዴት ልለማመድ?

በምታውቁት አገር ተለማመዱ። ከባህር ዳር ጎንደር አቅዱ። በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ቀጥታ መስመር ብትሰነጥቁ፣ አብዛኛው መንገድ በጣና ላይ ያልፋል። ያምራል። ግን አንድ ሞተር ነው ያላችሁ። ሞተሩ ቢቆምስ?

ሴስና 172 ያለ ሞተር ከከፍታው 9 እጥፍ ያህል ይንሳፈፋል። ከውኃው በላይ 3,000 ጫማ ላይ ከሆናችሁ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጣና በሰፊው በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሃል ላይ ከሆናችሁ ዳር አትደርሱም፤ ደቅ ደሴት ላይ ለማረፍ ካልተማመናችሁ በቀር። እኔ ብሆን በምሥራቁ ዳር፣ በፎገራ ሜዳ በኩል እሄዳለሁ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል። ከስሬ ግን ሜዳ አለ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ሜዳው ራሱ ውኃ ይተኛበታል፤ ያንንም አስቡ። ይሄን ሁሉ በቃላችሁ ካስረዳችሁ ፈታኝ ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

አገር ቤት ለሚማሩት ደግሞ፦ የአይካኦ መለኪያ ብቻን የሚደረገው ረጅም በረራ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ሙሉ ማረፍን ይጠይቃል። ባህር ዳር–ጎንደር ደርሶ መልስ 200 ቢሆን ነው፤ አይበቃም። ላሊበላን ጨምሩበት።

ወፎችስ? ጣና ላይ ወፍ ብዙ ነው።

ይሄን ቀልድ አታድርጉት። መስከረም 5 ቀን 1981 ከባህር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡበት። ወደ ማረፊያው ሊመለስ ሲል ጉልበቱን አጥቶ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። ፈታኙ ስለ ወፍ ከጠየቃችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት መንደርደሪያውን በዓይናችሁ እንደምትቃኙ፣ መንጋ ካያችሁ እንደምትቆዩ ንገሩት። ታሪኩንም ብትነግሩት ይሰማችኋል።

አየር ላይ ከወጣን በኋላ ምን ይታያል?

ይሄን አስተማሪያችሁ ስለሚያስረዳችሁ ባጭሩ ልለፈው። 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ስትዞሩ ከፍታችሁ ከ100 ጫማ በላይ መዋዠቅ የለበትም። በቀስታ መብረር፣ ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው፣ ከእሱም መውጣት አለ። በአጭር ሜዳ ማረፍ ሲባል ከመረጣችሁት ነጥብ በ200 ጫማ ውስጥ መንካት ነው፤ 60 ሜትር ገደማ። ከነጥቡ ቀድሞ መንካት አይፈቀድም። ፈታኙ ድንገት ጋዙን ይቀንስና «ሞተሩ ጠፋ» ይላል። በመንገድ መሃል መድረሻ ያስቀይራችኋል። ዓይናችሁን ከውጭ ከልሎ በመሣሪያ ያስበራችኋል። ስሕተት ስትሠሩ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናግራችሁ አስተካክሉ። ዝም ብሎ ማላብ አይጠቅምም።

ብወድቅስ?

ዓለም አይገለበጥም። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው። ካለፋችሁ እዚያው ጊዜያዊ ሰርተፍኬት ትቀበላላችሁ። ከወደቃችሁ ያልተሳካው ክፍል ተጽፎ ይሰጣችኋል። ከአስተማሪ ጋር ደግማችሁ፣ አዲስ ፊርማ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በ60 ቀን ውስጥ ከሆነ ያለፋችሁት ሊያዝላችሁ ይችላል። ሦስተኛው ማቋረጥ ነው፤ አየሩ ቢበላሽ ወይም አውሮፕላኑ ቢታመም የማቋረጫ ደብዳቤ ይጻፍላችኋል። እሱም ውድቀት አይደለም።

«ነፋሱ አላማረኝም፣ ዛሬ አልበርም» ማለት የአዛዡ መብት ነው። ይሄን ያለ ተማሪ ፈታኝ ሲያከብር እንጂ ሲቆጣ አላየሁም።

የፈተናው ዕለት ምን ይዤ ልሂድ?

ውኃ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ትርፍ የጆሮ ማዳመጫ ባትሪ፣ የፈታኙን ክፍያ። ክፍያውን በምን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ። መዝገቦቹን ከአንድ ቀን በፊት ተቀብላችሁ ቀኖቹን በእጃችሁ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ፦ መቼ ተደረገ፣ መቼ ያበቃል፣ ዛሬ ስንት ነው። ጠረጴዛው ላይ በቅደም ተከተል ዘርጓቸው።

ቡናውን ግን ከጠረጴዛው አርቁ። አንድ የኛ ልጅ ፈታኙን ለማስደሰት ብሎ ከቤቱ በፔርሙዝ ይዞ ሄደ። የፈታኙ እጅ ፔርሙዙን ነካውና አምሳ ዓመት የቆየው የአካሉ መዝገብ ላይ ፈሰሰ። ገጾቹን እየለያዩ በማራገቢያ ሲያደርቁ ዋሉ። ልጁ አልፏል፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ቡና ቡና ይሸታል።